ባንዲራው አጠገብ የቆመው ሰው፤ የአገር ምልክቶች በፎቶግራፍ፣ ከአዲስ አበባ እስከ ሸኮ

ስለ ኢትዮጵያ ባንዲራ ስንከራከር ዓይናችን ጨርቁ ላይ ይቀራል። አንበሳ ነበረበት፣ ልሙጥ ሆነ፣ ኮከብ ገባበት፤ ይህን ያወጣው አዋጅ፣ ያንን የሻረው መንግሥት። የቆዩ ፎቶግራፎችን ደርድሮ የሚመለከት ሰው ግን ሌላ ነገር ያስተውላል። ያው ባለ ሦስት ቀለም ጨርቅ በአንዱ ፎቶ የነጻነት ምስክር ነው፤ በሌላው የጦር ሰፈር ምልክት፤ በሦስተኛው የትምህርት ቤት ማለዳ፤ በአራተኛው የሰልፍ ቁጣ። ይህን ሁሉ ልዩነት ያመጣው አጠገቡ የቆመው ሰው፣ የቆመበት ቦታና ካሜራውን የያዘው እጅ ነው።

ይህን ሐሳብ ከመቅደላ እስከ እጅ ስልክ ካሜራ ልከተለው እሞክራለሁ። የማተኩረው ደቡብ ምዕራቡ ላይ ነው፤ ሚዛን ተፈሪ፣ ቴፒ፣ የሸኮ አገር፣ ቡናው በጫካ ጥላ ሥር የሚበቅልበት ምድር። የአገር ምልክት ወደዚህ የገባበት መንገድ ወደ አዲስ አበባ አደባባይ ከገባበት በእጅጉ ይለያል። የፎቶግራፍ ታሪካችን ጽሑፎች ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከቤተ መንግሥቱና ከመዲናዋ ብዙም አይርቁም።

ካሜራ ወደ ኢትዮጵያ በብዛት የገባው ከጦር ጋር ነበር። በ1860 ዓ.ም. መቅደላ የዘመተው የእንግሊዝ ጦር የራሱን የፎቶግራፍ ክፍል ይዞ መጣ። ዓፄ ቴዎድሮስ ከሞቱ በኋላ ወደ እንግሊዝ የተወሰደው ሕፃኑ ልዑል ዓለማየሁም ብዙ ሳይቆይ በስመ ጥሯ ፎቶ አንሺ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን ፊት ተቀመጠ። ልብሱና ጌጡ የአገሩ ነው፤ የተቀመጠበት ክፍል ግን የማራኪዎቹ። የአባቱ ክብር መለያ የነበረው ልብስ እዚያ ክፍል ውስጥ የምርኮ ዕቃ ሆኖ ይታያል። ከአገራችን ፎቶግራፎች ሁሉ ይህን ያህል የሚያሳዝነኝ ጥቂት ነው።

በዓፄ ምኒልክ ዘመን ማብቂያ ላይ ካሜራው የቤተ መንግሥቱ ሆነ። አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን የንጉሡ ፎቶ አንሺ ሆኖ ሠራ፤ ሥራውን ልጆቹ ሃይጋዝና ቶርኮም ወረሱ። በዚያ ዘመን ፎቶግራፍ ላይ የአገር ምልክት ማለት ከሁሉ አስቀድሞ የንጉሡ ፊት ነው። ዘውዱ፣ ካባው፣ የይሁዳ አንበሳ፣ ባንዲራው፣ ሁሉም በፊቱ ዙሪያ የተደረደሩ አጃቢዎች ናቸው። ያ ፊት በየመሥሪያ ቤቱ ግድግዳ፣ በየሱቁ፣ በቴምብርና በገንዘብ ላይ ወጣ። ንጉሡን በዓይኑ አይቶ የማያውቅ ገበሬ በኪሱ ይዞት ይዞር ነበር።

አሁን ወደ ደቡብ ምዕራቡ እንሻገር። ዓድዋ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ነው። በዓመት ከመንፈቁ ገደማ የከፋው ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ ተማርኮ ወደ አዲስ አበባ ተወሰደ። በ1890 ዓ.ም. አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀዩ ባንዲራ በይፋ መልክ ይዞ ሲወጣ የራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር ከከፋ ተነሥቶ፣ ያኔ ጊሚራ ይባል በነበረው አገር በኩል አልፎ፣ ወደ ቱርካና ሐይቅ ወረደ። አብሮ የዘመተው ሩሲያዊው መኮንን አሌክሳንደር ቡላቶቪች ማስታወሻ ይጽፍ፣ ፎቶም ያነሳ ነበር፤ መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1900 ሩሲያ ውስጥ ታተመ። ጦሩ ሐይቁ ዳር ባንዲራ ተከለ። በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ የደጃዝማች ተሰማ ናደው ጦር ነጭ ዓባይ ደርሶ፣ ሶባት ከወንዙ በሚገናኝበት ቦታ እንዲሁ አደረገ።

አንድ ባንዲራ፣ አንድ ዘመን፣ ሁለት ፍጹም የተለያዩ ትዝታዎች። ለሸዋ ወይም ለትግራይ ሰው ይህ የዓድዋ ባንዲራ ነው፤ ቅኝ ገዢን የመለሰ። ለጊሚራ፣ ለሸኮ፣ ለከፋ ሰው መጀመሪያ ከኮረብታው ላይ ከተመሠረተው የጦር ከተማ ጋር የመጣ፣ ገባርነትንና የባርያ ፍንገላን ያስከተለ ምልክት ነው። በዚያ ዘመን አገሩ ክፉኛ ተራቁቷል። ሁለቱም ትዝታዎች እውነት ናቸው፤ አንዱን ለማክበር ሌላውን መሰረዝ አያስፈልግም። የዘመኑን የዘመቻ ፎቶዎች ስንመለከት ግን አንድ ጉድለት አለ። ሹሙ በስሙ ተጠርቷል፣ ፈረሱና ጋሻው ተገልጿል፤ የአገሩ ሰው ስም የለውም፤ በጎሳ ስም ብቻ ተመዝግቧል። ባንዲራውን ማን እንደተከለ እናውቃለን፤ ሲተከል ዳር ቆሞ ያየው ሰው ምን እንዳሰበ ከምስሉ ማንበብ አንችልም።

ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. የዓፄ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ ተጫነ። አዲስ አበባ ለካሜራ ስትል የተሰናዳችበት የመጀመሪያው ታላቅ በዓል ይህ ይመስለኛል። የምኒልክ ሐውልት በዋዜማው ተመረቀ፤ የለገሃሩ የይሁዳ አንበሳም የዚያው ድግስ አካል ነበር። የናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ባልደረባ ሮበርት ሙር ያነሳቸው ባለ ቀለም ፎቶዎች እ.ኤ.አ. በሰኔ 1931 እትም ወጥተው ዓለም አያቸው። ከአምስት ዓመት ተኩል ገደማ በኋላ ፋሺስቶች ገቡ። አንበሳውን ወደ ሮም ጫኑት፤ የምኒልክን ሐውልት ከቦታው አነሡት። አንበሳው የተመለሰው በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው። ከዘረፋው በፊት የነገሥታቱ ቤት ምልክት የነበረው አንበሳ፣ ከተመለሰ በኋላ የዘረፋውና የመመለሱ ታሪክ ራሱ ሆነ። ዛሬ ከፊቱ ቆሞ ፎቶ የሚነሳ ወጣት የሰሎሞንን ሥርወ መንግሥት እያሰበ አይመስለኝም።

የዚያ ዘመን ካሜራ አዲስ ምልክትም ፈጥሯል፤ ባዶ እግር። ጀርመናዊው አልፍሬድ አይዘንስታት እ.ኤ.አ. በ1935 ኢትዮጵያ መጥቶ የአንድ ወታደርን ባዶ እግር ብቻ ነጥሎ አነሳ። ፊት የለም፣ ባንዲራ የለም፣ ጠመንጃ የለም። ምዕራባዊው አንባቢ በዚያ እግር ውስጥ ታንክና አውሮፕላን ሊገጥም የተነሣ ድሃ አገር አየ፤ አዝኖም ቢሆን ያየው ድህነት ነው። ከዚያ ጳጉሜን 1952 ዓ.ም. መጣ። አበበ ቢቂላ በሮም ጎዳና፣ በምሽት፣ በባዶ እግሩ ሮጠ፤ ያኔ ገና እዚያው ቆሞ የነበረውን የአክሱም ሐውልት አልፎ ኮንስታንቲን ቅስት ሥር ገባ። ያው ባዶ እግር ነው። በ25 ዓመት ውስጥ የመረገጥ ምልክት የነበረው የድል ምልክት ሆነ፤ ያውም በራሱ በወራሪው ከተማ። ይህን ለውጥ ያመጣ አዋጅ አልነበረም። ሁለቱን ፎቶዎች ጎን ለጎን አድርጌ ባየሁ ቁጥር የአገር ምልክትን የሚያወጣው መንግሥት ብቻ ነው የሚለውን ሐሳብ ለመቀበል ይከብደኛል።

ከእኛ ውጭ ይህን የአገር ምልክትና የካሜራ ጉዳይ በጥልቀት የሄዱበት ጃፓኖች ናቸው። ዝምድናውም የሩቅ አይደለም። የ1923ቱ ሕገ መንግሥት የሜይጂን ሕገ መንግሥት ተመልክቶ የተረቀቀ ነው፤ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴም በቀጣዩ ዓመት ጃፓንን ጎብኝተው «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የሚለውን መጽሐፋቸውን ጻፉ። እነርሱም የሜይጂውን ንጉሠ ነገሥት ፊት በፎቶ አሳትመው በየትምህርት ቤቱ አሰራጭተዋል፤ ተማሪው እየሰገደ ያከብረው ነበር። የሚገርመው ያ የተሰራጨው ምስል በቀጥታ ከንጉሡ የተነሳ ፎቶ አለመሆኑ ነው፤ ጣሊያናዊው ሠዓሊ ኪዮሶኔ የሣለው ሥዕል በፎቶ ተነሥቶ ነው የተባዛው።

ከእ.ኤ.አ. 1930 ወዲህ ትንሿ የላይካ ካሜራ ቶኪዮ ስትገባ ግን እነ ኪሙራ ኢሄና ኩዋባራ ኪኔዎ ወደ ጎዳና ወጡ። በሥራቸው ውስጥ ፀሐይቱን የያዘው ባንዲራ ከዙፋን አዳራሽ ወርዶ ከሱቅ ማስታወቂያ፣ ከትራም፣ ዘማች ከሚሸኙ እናቶች ጋር ተቀላቅሎ ይታያል። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 15 ቀን 1945 የሽንፈቱ አዋጅ በሬዲዮ ሲነገር ሐማያ ሂሮሺ ታካዳ በምትባል የገጠር ከተማ ውስጥ ነበር፤ ካሜራውን ወደ ሰማይ አንሥቶ ፀሐይዋን ራሷን አነሳ። ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ አንድ አሜሪካዊ የጦር ፎቶ አንሺ የወቅቱን ንጉሠ ነገሥት ከጄኔራል ማክአርተር ጎን አቁሞ አነሳቸው። ጄኔራሉ ክራባት እንኳ ሳያስር፣ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ፤ ንጉሡ በሙሉ ልብስ ቀጥ ብለው። አምላክ ይባሉ የነበሩት ሰው አንድ ተራ ሰው ሆነው የታዩት በዚያች ፎቶ ነው። ከሃያ ዓመት በኋላ ካዋዳ ኪኩጂ «ካርታው» በሚል መጽሐፉ ውስጥ የተጨማደደና የረጠበ ባንዲራ መሬት ላይ ወድቆ አሳየ፤ መጽሐፉንም በሂሮሺማ መታሰቢያ ዕለት አወጣው።

የእኛ የማክአርተር ፎቶ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ከቤተ መንግሥታቸው በትንሽ ቮልስዋገን ተወሰዱ። ከዚያ በፊት የነበሩት ሥዕላዊ ክብሮች ሁሉ፣ ረጃጅሞቹ መኪናዎች፣ የክብር ዘቡ፣ የሚዘንበው እጅ መንሻ፣ በዚያች መኪና በር ላይ አለቁ። ደርግ የአንበሳውን ዘውድ አነሳ፤ ቆይቶም ባንዲራውን ልሙጥ አደረገው።

ለደቡብ ምዕራቡ ግን ይበልጥ የሚያስደንቀው ከሁለት ዓመት በኋላ የመጣው ነው። በ1969 ዓ.ም. የገንዘብ ኖቶቹ ሲቀየሩ የንጉሡ ፊት ወጣና ሌሎች ገቡ። አንድ ብሩ ላይ የልጅ ፊት፣ አሥር ብሩ ላይ ስፌት የምትሰፋ ሴት፤ አምስት ብሩ ላይ ቡና ለቃሚ። የቡናው ምድር ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ የአገር ምልክት ሆኖ በመላ ኢትዮጵያ እጅ ዞረ። ደስ የሚል ነገር ነው፤ ዛሬም ደስ ይለኛል። ግን ያ ሰው ማን ነው? ከየት? የንጉሡን ስም ሁሉም ያውቅ ነበር፤ የተካው ሰው ስም የለሽ ነው። «ሰፊው ሕዝብ» የሚለው አነጋገር በምስል ሲገለጥ ይህን ይመስል ነበር። በቴፒና በበበቃ የመንግሥት እርሻዎች ከከምባታ፣ ከወላይታ፣ ከዳውሮ፣ ከሌሎችም የመጡ የቀን ሠራተኞች ቡናውን ለቀሙ፤ ደመወዛቸውንም በዚያ ምስል ተቀበሉ።

አዲስ አበባ ውስጥ የአብዮቱ ምልክቶች ከላይ ተሰቅለው የሚታዩ ነበሩ፤ በአብዮት አደባባይ የማርክስ፣ የኤንግልስና የሌኒን ግዙፍ ምስሎች፣ በ1977 የተመረቀው የትግላችን ሐውልት። የቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ የነበረው ሸመልስ ደስታ ንጉሡንም ደርግንም አንሥቷል፤ በኋላ ወደ ለንደን ሲሰደድ ነጋቲቮቹን ይዞ ወጣ፤ ዛሬ ያንን ዘመን የምናየው በከፊል እርሱ ስላዳናቸው ነው። ግንቦት 1983 የሌኒን ሐውልት ሲወርድ የተነሱት ፎቶዎችም የዚያ ምዕራፍ መዝጊያ ሆነዋል።

ፎቶ ቤቶቹ ደግሞ ሌላ ዓለም ናቸው፤ የዚህ ዳሰሳ ልብም እዚያ ነው። በአገራችን የወረዳና የአውራጃ ከተሞች ሁሉ ሰው ፎቶ ቤት የሚገባው በአብዛኛው ለሁለት ጉዳይ ነበር። አንደኛው ጉርድ ፎቶ ነው፤ ለመታወቂያ፣ ለትምህርት ቤት፣ ለሥራ ማመልከቻ። እዚያ ላይ ባንዲራ የለም፤ ግን ጉርድ ፎቶው የሚለጠፍበት ወረቀት ላይ የመንግሥቱ ማኅተም ይመታል፤ ግማሹ ወረቀቱ ላይ፣ ግማሹ ትከሻው ላይ። የአገር ምልክት በሰው አካል ላይ ያረፈበት ብቸኛው ፎቶ ይህ ነው፤ ለማይፈልገውም ሰው ግዴታ ነው።

ሁለተኛው ሙሉ ቁመት ነው። ከኋላ የተሣለ መጋረጃ፣ የፕላስቲክ አበባ፣ ምናልባት የተዋሱት ኮት። ከሩቅ መጥቶ እርሻ የሚሠራው ጎልማሳ ሰዓቱን አሳይቶ ተነሥቶ ለወላጆቹ ይልካል። ዘማቹ የደንብ ልብሱን ለብሶ ከመሄዱ በፊት ይነሣል። አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሱ ጓደኛሞች ትከሻ ለትከሻ ይቆማሉ። ከፎቶ ቤቱ ውጭም የትምህርት ቤቱ ሰልፍ አለ፤ ባንዲራ ሲሰቀል ቀጥ ብለው የቆሙ ልጆች። ይህን ፎቶ በሸኮ መንደር ትምህርት ቤት የሚነሣ ልጅ በአያቱ ዘመን ከጦር ከተማው ኮረብታ ላይ ይታይ የነበረውን ባንዲራ አሁን ራሱ ገመዱን ስቦ ይሰቅለዋል። ተራ የመሰለ የክፍል ፎቶ ነው፤ ነገር ግን ከማንኛውም አዋጅ ይልቅ የባንዲራው ትርጉም በዚህ ምድር እንዴት እንደተቀየረ የሚያሳየው እርሱ ነው። በ1977ና በ78 ከወሎና ከትግራይ ወደ ደቡብ ምዕራቡ የሰፈሩት ቤተሰቦች ልጆችም በዚያው ሰልፍ ውስጥ ቆመዋል። ሰፋሪዎቹ ከሰሜን ይዘውት የመጡት የባንዲራ ትዝታና የአገሩ ልጆች ከአያቶቻቸው የሰሙት በአንድ የባንዲራ ግንድ ሥር ተገናኙ።

ጥር 1988 ኮከቡ መጣ፤ ሰማያዊ ክብ፣ የሚያበራ ኮከብ፣ የብሔሮች እኩልነት ማሳያ። በ2001 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ 654 ያለ ዓርማው መያዝን ከለከለ። ከዚያ ወዲህ ልሙጡን ባንዲራ ይዞ ፎቶ መነሣት የፖለቲካ አቋም ሆነ፤ ሰኔ 16 ቀን 2010 መስቀል አደባባይ በተደረገው ሰልፍ ላይ ብዙ ሺህ ሰው ልሙጡን ሲያውለበልብ ፎቶው ከንግግሮቹ ይልቅ ተናገረ። በ2011 መስከረም ደግሞ አዲስ አበባ ውስጥ የእግረኛ መንገድ ጠርዝ ላይ ባንዲራ በመቀባት ምክንያት ወጣቶች ተጋጩ። ባንዲራው ከሰንደቅ ወርዶ ድንጋይ ላይ ሲቀባ ምን ያህል የሰፈር ድንበር ሊሆን እንደሚችል ያኔ አየን።

በደቡብ ምዕራቡ ግን ትልቁ ለውጥ በሌላ በኩል መጣ፤ ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ ኅዳር 29 በሚከበረው የብሔር ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ቀን። በዚህ በዓል ምልክቱ ሰውየው ራሱ ነው። ሸኮው የባህል ልብሱን ለብሶ፣ የሌሎች ብሔሮች ተወካዮች መሐል ቆሞ፣ ፖስተር ላይ ይወጣል። ይህን በቀላሉ የሚንቁ አሉ፤ እኔ አልንቀውም። ከመቶ ዓመት በላይ ፎቶ ውስጥ ስሙ በጎሳ ብቻ ሲጠቀስ ለኖረ ሕዝብ በአገሩ አደባባይ በክብር መቆም ትልቅ ነገር ነው። መስከረም 20 ቀን 2014 የተካሄደው ሕዝበ ውሳኔና በዚያው ዓመት የተመሠረተው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልልም የዚሁ መንገድ ተከታይ ነው። የሚያሳስበኝ ምስሉ ሲደጋገም የሚጠፋው ነገር ነው። ሁልጊዜ ጭፈራ ላይ፣ ሁልጊዜ በባህል ልብስ፤ ቡና ሲያደርቅ፣ ዩኒቨርሲቲ ሲማር፣ ሞተር ብስክሌት ሲጠግን፣ ፍርድ ቤት ተቀምጦ ሲጠብቅ አይታይም። የአምስት ብሩ ቡና ለቃሚ ስም አልነበረውም፤ የፖስተሩም ሰው ብዙ ጊዜ የለውም። ይህ ጉድለት ከቡላቶቪች ዘመን እስከ ዛሬ አልተሞላም።

የዘመኑ ፎቶ አንሺዎቻችን የሰውንና የምልክትን ጉዳይ በተለያየ መንገድ ይዘውታል። ግርማ በርታ በእጅ ስልኩ የአዲስ አበባን መንገደኞች አንሥቶ ከጀርባቸው ያለውን ሁሉ አስወግዶ በአንድ ቀለም ላይ ብቻቸውን አቆማቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2016 የጌቲ ኢሜጅስና የኢንስታግራም ሽልማት አግኝቶበታል። ሊስትሮው፣ ተሸካሚው፣ ባለ ነጠላዋ እናት ያለ ባንዲራ፣ ያለ ሕንፃ ሲቆሙ ክብራቸው ይጎላል። አይዳ ሙሉነህ ያቋቋመችው አዲስ ፎቶ ፌስት ከእ.ኤ.አ. 2010 ጀምሮ የአገሬውን ዓይን ለዓለም አሳይቷል። እኔን ከሁሉ የማረከኝ ግን እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመው «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» ነው፤ ወንጌል አበበ፣ ናፍቆት ገበየሁና ፊሊፕ ሹትዝ ከቤተሰብ አልበም የሰበሰቧቸው ተራ ፎቶዎች። ሠርግ፣ ሽርሽር፣ የፀጉር ስታይል፣ ቤተሰብ ከመኪና ጋር። ሦስት መንግሥታት በእነዚያ ገጾች ጀርባ ያልፋሉ፤ ሰዎቹ ግን ሕይወታቸውን እየኖሩ ነው።

ያ ሥራ የመዲናዋ ነው። ለሚዛን፣ ለቴፒ፣ ለሸኮ ወረዳ እንዲህ ያለ መጽሐፍ ያስፈልጋል፤ ደግሞም ጊዜው አጭር ነው። ይህ አገር ዝናቡ ከዓመቱ አብዛኛውን ወር የማይለየው ነው። ነጋቲቭ ላይ ያለው የጄላቲን ሽፋን እርጥበት ሲያገኝ ይሻግታል፣ ሻጋታውም ምስሉን ይበላዋል። ፊልም ማጠብ ከቆመ በኋላ ብዙ ፎቶ ቤቶች ወደ ኮምፒውተርና ፎቶኮፒ ሥራ ዞረዋል፤ የድሮው ነጋቲቭ ካርቶን ውስጥ ታጭቆ ጓዳ ይቀራል፣ ወይም ከቆሻሻ ጋር ይወጣል። በሁለቱም ከተሞች ካምፓስ ያለው ሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ ለዚህ ሥራ ቅርብ ነው፤ ስካነር፣ ደረቅ ክፍልና የታሪክና የአገሩን ቋንቋ የሚያውቁ ተማሪዎች ይበቃሉ። ፎቶ አንሺዎቹ በሕይወት ሳሉ መጠየቅ አለባቸው፤ ማን እንደሆነ፣ ከየት እንደመጣ፣ ለምን እንደተነሣ የሚያውቁት እነርሱ ናቸው። መጀመሪያ መመዝገብ ያለበት የሰውየው ስም ነው፤ የባንዲራው ዓይነት ከዚያ በኋላ ይጻፍ።